የ2024 ቢግ ቴን ውድድር አጋማሽ ላይ፦ ኦሃዮ ስቴት አልቆለታል ወይ?

እህታችን በዚህ ሳምንት (በኦክቶበር 2024 አጋማሽ) ያቀረቡት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ወደ ኮሎምበስ ከመጡ ገና ዓመት አልሞላዎትም፤ ልጅዎ ዘንድሮ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ ባለፈው ቅዳሜ የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ቡድን በአንድ ነጥብ ሲሸነፍ የሥራ ባልደረቦችዎ «በቃ፣ አለቀ» አሉ፣ ልጅዎ ግን «ገና ምን ተነካና» ይላል። ቡድኑ የሚወዳደርበትን የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ፣ የቢግ ቴንን የደረጃ ሰንጠረዥ ከፍተው ቢያዩ ሦስት ቡድኖች ከነሙሉ ድላቸው ከላይ ተቀምጠዋል፤ ነገሩ አልገባዎትም፤ ማን ትክክል እንደሆነ፣ አንድ ጨዋታ ስታዲየም ገብተው ቢያዩ ደግሞ የትኛውን ቢመርጡ እንደሚሻል ይጠይቃሉ።

እኔ በዚህ ከተማ ስኖር ሃያ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ከእነዚህ ውስጥ ዘጠኙን ዓመት በመኸር ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ ከስታዲየሙ ብዙም በማይርቅ ፓርኪንግ ሠርቻለሁ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ የቡድኑን ቀለም ቀይና ግራጫ የለበሱ ቤተሰቦች ጥብሳቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ጨዋታው የሚጀምረው ምሽት ቢሆን እንኳ ቀኑን ሙሉ እዚያው ናቸው። ስለዚህ ጨዋታ የማውቀውን አብዛኛውን ነገር የተማርኩት ከእነርሱ ነው፤ በተለይም አንድ ሽማግሌ ደጋፊ በየዓመቱ የውድድሩን መርሐ ግብር አጣጥፈው በኪሳቸው ይዘው እየመጡ፣ ያለፈውን በእርሳስ እየሰረዙ፣ የቀረውን በጣታቸው እያሳዩ ያስረዱኝ ነበር። ሰንጠረዥ ይዘው አይቻቸው አላውቅም። የዛሬው መልሴም በመሠረቱ የእርሳቸው ትምህርት ነው።

እኛ ያደግንበት ሊግ ሁሉም ቡድን ከሁሉም ጋር በደርሶ መልስ የሚጋጠምበት ስለሆነ፣ አጋማሽ ላይ አንደኛ የሆነ ቡድን አንደኛነቱ እውነተኛ ነው ብለን እንወስዳለን። ቢግ ቴን ግን እንዲህ አይደለም። ስሙ «አሥር» ይበል እንጂ፣ በ1896 የተመሠረተው ይህ ኮንፈረንስ (የዩኒቨርሲቲዎች የውድድር ማኅበር) ከ2024 ኦገስት ጀምሮ አሥራ ስምንት ዩኒቨርሲቲዎችን ይዟል፤ ኦሪገን፣ ዋሽንግተን፣ ዩኤስሲ እና ዩሲኤልኤ ከምዕራቡ ጠረፍ የገቡት ዘንድሮ ነው። (በነገራችን ላይ፣ ሲያትል፣ ሚኒያፖሊስ፣ ሎስ አንጀለስ፣ የዲሲ አካባቢና ኮሎምበስ በአንድ ኮንፈረንስ ውስጥ ስለገቡ፣ የእኛ ሰው በብዛት ከሚኖርባቸው ከተሞች ብዙዎቹ አሁን የሚከታተሉት አንድ ውድድር ነው።) እያንዳንዱ ቡድን ካሉት አሥራ ሰባት ተጋጣሚዎች የሚገጥመው ዘጠኙን ብቻ ነው። ቀድሞ የነበረው የምሥራቅና የምዕራብ ምድብም ቀርቷል፤ በኮንፈረንሱ ጨዋታዎች የተሻለ ውጤት ያላቸው ሁለት ቡድኖች ዲሴምበር 7 ቀን ኢንዲያናፖሊስ ላይ ለዋንጫ ይገናኛሉ። ስለዚህ ሁለት ቡድኖች እኩል «6 ድል፣ 0 ሽንፈት» ቢኖራቸውም አንደኛው ዳገቱን ወጥቶ ጨርሶ፣ ሌላኛው ደግሞ ገና ለጥ ባለው መንገድ ላይ እየሄደ ሊሆን ይችላል። ሰንጠረዡ ይህንን ልዩነት አያሳይዎትም።

አሁን ወደ ቅዳሜው ጨዋታ ልምጣ፤ ምክንያቱም ውጤቱን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ሰው ይሳሳታል። ኦክቶበር 12 ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል የጀመረውን ጨዋታ ከልጆቼ ጋር ቤት ሆኜ ነው ያየሁት። ኦሪገን 32 ለ 31 አሸነፈ። ኳርተርባካቸው (ማጥቃቱን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች) ዲለን ጋብርኤል ከ300 ያርድ በላይ ወርውሯል (አንድ ያርድ ከአንድ ሜትር ትንሽ ያንሳል)፤ በራሱ እግር ሮጦም 27 ያርድ የፈጀ ታችዳውን (ኳሱን ይዞ ተጋጣሚ ሜዳ ጫፍ ላይ ካለው ክልል መድረስ) አግብቷል። መሪነቱ ደጋግሞ እጅ ሲቀያየር ቆይቶ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ኦሪገን በፊልድ ጎል (ኳሱን በእግር መትቶ በምሰሶዎቹ መካከል በማሳለፍ) በአንድ ነጥብ ቀደመ። ኦሃዮ ስቴት ኳሱን ይዞ ወደ ፊት ሲገፋ ወጣቱ ኳስ ተቀባይ ጄረማያ ስሚዝ ተከላካዩን ገፍቷል ተብሎ ቡድኑ በቅጣት ወደ ኋላ ተመለሰ። ከዚያ አሥር ሰከንድ ሲቀረው ኦሪገን አሥራ አንድ ሰው በሚፈቀድበት ሜዳ ላይ አሥራ ሁለት ተጫዋች አሰለፈ። ቅጣቱ አምስት ያርድ ብቻ ነው፤ ነገር ግን በዚያች አንድ ሙከራ አራት ሰከንድ ነጎደ፤ ኦሃዮ ስቴት አምስት ያርድ አግኝቶ ጊዜውን አጣ። በመጨረሻ ኳርተርባኩ ዊል ሃዋርድ ኳሱን ይዞ ሮጦ መሬት ላይ ሲንሸራተት ሰዓቱ ዜሮ ሆነ፤ የጎል ሙከራ እንኳ ሳያደርጉ ወጡ። የኦሪገኑ አሠልጣኝ ዳን ላኒንግ ከጨዋታው በኋላ ሲጠየቁ ነገሩን አስቀድመው የተለማመዱት መሆኑን አልደበቁም፤ የዩኒቨርሲቲ ስፖርትን የሚመራው ኤንሲኤኤም በዚህ ሳምንት የሕጉን አፈጻጸም አስተካክሎ፣ በየአጋማሹ የመጨረሻ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ተጨማሪ ሰው ያሰለፈ ተከላካይ ቡድን የበላውን ሰዓት ማስመለስ እንደሚቻል አሳውቋል። እኔ ኦሪገንን አልወቅስም፤ ሕጉን ከሌላው በተሻለ ያነበበ ቡድን ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን በሰው ሜዳ፣ በሌላ የሰዓት ክልል፣ በአንድ ነጥብ የመጣ ሽንፈት መሆኑ ነው።

ከሽንፈት ሽንፈት ይለያል። በ2014 ሴፕቴምበር 6 ቀን ምሽት ኦሃዮ ስቴት በገዛ ሜዳው በቨርጂኒያ ቴክ 35 ለ 21 ሲሸነፍ እኔ ፓርኪንግ ላይ ነበርኩ። ሰዉ ወደ መኪናው ሲመለስ ድምፅ አልነበረውም፤ በሌላ ጊዜ ጉርሻ ሰጥተው፣ ስለ ቤተሰቤ ጠይቀው የሚሄዱ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው አለፉ። «ዘንድሮ የለንም» የሚለውን ቃል ያን ሌሊት ብዙ ጊዜ ሰማሁ። ያ ቡድን በዓመቱ መጨረሻ በሦስተኛ ኳርተርባኩ በካርዴል ጆንስ እየተመራ ለኮንፈረንሱ ዋንጫ ዊስኮንሰንን 59 ለ 0 አሸነፈ፤ ጃንዋሪ 12 ቀን 2015 ደግሞ የአገሪቱን ዋንጫ ወሰደ። በፍጻሜው 42 ለ 20 ያሸነፈውም ኦሪገንን ነበር። የተገላቢጦሹንም አይቻለሁ፦ በ2018 ኦክቶበር 20 ቀን በፐርዱ 49 ለ 20 ተሸነፈ፤ ከዚያ በኋላ የገጠማቸውን ሁሉ አሸንፎ የኮንፈረንሱን ዋንጫ ቢያነሣም የአገሪቱ ሻምፒዮን ወደሚለይበት ውድድር፣ ወደ ፕሌይኦፍ የሚገቡት አራት ቡድኖች ብቻ ስለነበሩ ያቺ አንዲት ክፉ ቀን አስቀረችው። ዘንድሮ ግን የሚገቡት አሥራ ሁለት ናቸው፤ አምስቱ የኮንፈረንስ ሻምፒዮኖች፣ ሰባቱ በደረጃ የሚመረጡ። ባልደረቦችዎ «አለቀ» ሲሉ የሚያስቡት በአሮጌው ሥርዓት ሳይሆን አይቀርም። በዚህኛው አንድ ሽንፈት ብቻውን እንዲህ ያለውን ቡድን አያስወጣም።

እንግዲህ የቀረውን መርሐ ግብር እንደ ሽማግሌው በጣታችን እንከተለው።

ኦሪገን ዳገቱን ጨርሷል ማለት ይቻላል። ከፔን ስቴትም ከኢንዲያናም አይገናኝም፤ ነገ ዓርብ ፐርዱ ሜዳ ይጫወታል፤ ፐርዱ እስካሁን ያሸነፈው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ኢሊኖይ፣ ሚሺጋንና ዊስኮንሰን አሉበት፤ ከእነዚህ አንዱ ያሰናክለው ይሆናል እንጂ፣ እኔ ኢንዲያናፖሊስ ላይ አንዱን ቦታ ከአሁኑ ለእርሱ እሰጣለሁ።

ፔን ስቴት ባለፈው ቅዳሜ ሎስ አንጀለስ ድረስ ሄዶ ዩኤስሲን በጭማሪ ሰዓት 33 ለ 30 አሸንፏል፤ በዕረፍት ሰዓት 20 ለ 6 እየተመራ ነበር። ታይለር ዋረን የሚባለው ግዙፍ ተጫዋቻቸው 17 ኳስ ተቀብሎ 224 ያርድ ሄዷል፤ ከእነዚህ መካከል በአንዷ ራሱ እንደ መሐል ተጫዋች ኳሷን ወደ ኋላ አቀብሎ፣ ሮጦ ሄዶ ታችዳውን አድርጎ ተቀብሏታል። ደጋግሜ ያየሁት ነገር ነው፤ እንዲህ ያለ ተጫዋች በዓመታት ውስጥ አንድ ይገኛል። ይሁን እንጂ የፔን ስቴት ዓመት ያለው አንድ ቀን ላይ ነው፤ ኖቬምበር 2 ኦሃዮ ስቴትን በሜዳው ያስተናግዳል። በ2016 ካሸነፉት ወዲህ ሰባት ጊዜ ተገናኝተው ሰባቱንም ተሸንፈዋል። ስድስት ለዜሮ መሆናቸው ይህን ታሪክ አይሽረውም።

በዚህ ዓመት ልቤን የነካው ግን ኢንዲያና ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ብቆይበት ይቅር ይበሉኝ። እስከ 2024 ድረስ በትልቁ የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ታሪክ ከሁሉም በላይ ብዙ ጊዜ የተሸነፈ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ዓምና ካደረጋቸው አሥራ ሁለት ጨዋታዎች ያሸነፈው ሦስቱን ነበር። በፓርኪንጉ ዘመኔ የኢንዲያና ደጋፊዎች ሲመጡ የእኛዎቹ በአዘኔታ ነበር የሚቀበሏቸው። ዘንድሮ ከጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ የመጡት አሠልጣኝ ከርት ሲግኔቲ ከአሥር በላይ የቀድሞ ተጫዋቾቻቸውን ይዘው ገቡ፤ ኳርተርባኩን ከርቲስ ሩርክን ደግሞ እዚሁ ኦሃዮ ግዛት ካለው ከኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ አመጡት። ስድስት ጨዋታ ተጫውተው ስድስቱንም አሸንፈዋል፤ ለዩኒቨርሲቲው ከ1967 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ከመጀመሪያው ጨዋታ በቀር በሁሉም ከ40 ነጥብ በላይ አስቆጥረዋል። ይህ የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም፤ ቡድኑ በሥርዓት ይጫወታል። ነገር ግን መርሐ ግብሩን ይመልከቱ፦ በኮንፈረንሱ ያሸነፏቸው ዩሲኤልኤ፣ ሜሪላንድና ኖርዝዌስተርን ናቸው፤ ከሦስቱ ከግማሽ በላይ ጨዋታውን ያሸነፈ አንድም የለም። የመጀመሪያው ከባድ ፈተና የፊታችን ቅዳሜ የሚመጣው አምስት ለአንድ የሆነው ኔብራስካ ነው፤ የመጨረሻው ደግሞ ኖቬምበር 23 እዚህ ኮሎምበስ ላይ ነው። ኢንዲያና ከኦሪገንም ከፔን ስቴትም ስለማይገናኝ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ሳይሸነፍ ቢደርስ ሊገርመን አይገባም። እውነተኛ ልኩን የምናውቀው ያኔ ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ ልለፋቸው። በ2023 የውድድር ዓመት የአገሪቱን ዋንጫ የወሰደው ሚሺጋን አሠልጣኙንም ኳርተርባኩንም ካጣ በኋላ አየር ላይ ኳስ መወርወር አቅቶታል፤ ዩኤስሲን ያሸነፈው በውርወራ 32 ያርድ ብቻ ሄዶ ነው። ዩኤስሲ ሦስቱን የኮንፈረንስ ሽንፈቶቹን ያስተናገደው በጨዋታው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሁለቱ ረጅም በረራ በጠየቁ ከተሞች ነበሩ፤ ይህ አዲሱ ኮንፈረንስ የሚያስከፍለው ዋጋ ይመስለኛል። ኢሊኖይና ኔብራስካ ከተጠበቁት በላይ ጥሩ ናቸው። የሜሪላንድ ወገኖቻችን ዘንድሮ ትዕግሥት ያስፈልጋቸዋል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ የኦሃዮ ስቴት ቀሪ መንገድ ከአራቱ ሁሉ ከባዱ ነው፦ ኔብራስካ፣ በሰው ሜዳ ፔን ስቴት፣ ፐርዱ፣ ኖርዝዌስተርን፣ ኢንዲያና፣ ከዚያ ኖቬምበር 30 ሚሺጋን። ዕድሉ ግን በእጁ ነው፤ ከእርሱ በላይ ካሉት ሦስት ቡድኖች ሁለቱን ራሱ ይገጥማቸዋል፤ ካሸነፋቸው የማንንም መውደቅ ሳይጠብቅ ከኦሪገን ጋር ኢንዲያናፖሊስ ላይ ሊገናኝ ይችላል። የሚያሳስበኝ ሽንፈቱ ሳይሆን በሽንፈቱ ቀን የሆነው ነገር ነው፤ የኳርተርባኩን ግራ ጎን የሚጠብቀው ጆሽ ሲመንስ ጉልበቱን ተጎድቶ ወጥቷል፤ ተከላካዮቹም ረጃጅም ኳሶችን ማስቆም አልቻሉም። ቡድኑ የፊታችን ቅዳሜ ዕረፍት ነው፤ በእነዚህ ሁለት ሳምንታት የሲመንስን ቦታ ማን እንደሚሞላው ካወቁ ልጅዎ ትክክል ነው። ካላወቁ ፔን ስቴት ላይ እናየዋለን።

ለመግቢያ ትኬቱ ጥያቄዎ ምክሬ የኢንዲያናውን ጨዋታ ነው። የሚሺጋኑ ዋጋው አይቀመስም፤ በዚያ ሳምንት ግን ሳይገቡም ቢሆን ከልጅዎ ጋር ግቢውን ይዙሩ፤ ተማሪዎቹ በየሕንጻው ጽሑፍ ላይ ያለውን «ኤም» የሚባለውን ፊደል ሁሉ በቀይ ፕላስተር ሲሰርዙት ያያሉ፤ ሦስት ዓመት በተከታታይ በሚሺጋን ስለተሸነፉ ዘንድሮ ቁጭቱ ከወትሮው ይበልጣል። የኖቬምበር 23ቱ ጨዋታ የሚጀመርበትን ሰዓት ቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ የሚያሳውቁት አሥራ ሁለት ወይም ስድስት ቀን ሲቀረው ስለሆነ ከሥራ ቀኑን ሙሉ ፈቃድ ይጠይቁ። ወፍራም ካፖርት ይልበሱ፤ ውስጡ የማይታይ ቦርሳ አያስገቡም። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ሳይሆን ቀደም ብለው ይግቡ፤ የማርሽ ባንዱ ሜዳው ላይ እየተጠማዘዘ የግዛቷን ስም በሰልፍ ይጽፋል፤ በመጨረሻም ቱባ የሚባለውን ትልቅ የነሐስ መለከት የተሸከመ ተማሪ ከሰልፉ ወጥቶ የ«አይ» ፊደሏን ነጥብ ሊሆን ሲቆም ከመቶ ሺህ በላይ ሰው አብሮ ይጮኻል። ቁራሽ ወረቀት ላይ የጨዋታውን ሕግ ጽፎ እንዲሰጥዎ ለልጅዎ ይንገሩት፤ የቸገርዎትን ደግሞ እዚሁ ይጠይቁኝ፣ እመልሳለሁ።