በጥቂት ወጪ የሚያጠግብና የሚያጽናና ምግብ

ገቢዎ በተቋረጠበት በዚህ ወቅት በትንሽ ገንዘብ የሚሠራ፣ ሆድ የሚይዝና መንፈስንም የሚያሳርፍ ምግብ ምን እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም ከሥራ ውጭ ሆኜ በቆየሁባቸው ወራት አብዝቼ የተደገፍኩት በምስርና በሩዝ ስለነበር ምክሬን ከእነርሱ እጀምራለሁ።

ምስር መዘፍዘፍ ሳያስፈልገው በ30 ደቂቃ ገደማ ስለሚበስል ጊዜም ማገዶም ይቆጥባል፤ በ100 ግራም ደረቅ ምስር ውስጥ 24 ግራም ያህል ፕሮቲን የሚገኝ ሲሆን፣ ከሩዝ ጋር ሲበላ ደግሞ የአንዱን ጉድለት ሌላው ስለሚያሟላ ሥጋ መግዛት በማይቻልበት ጊዜ ትልቅ ድጋፍ ነው። ጣዕሙን የሚወስነው ግን ሽንኩርቱ ነው። ሁለት ራስ ሽንኩርት በቀጭኑ ከትፈው በጥቂት ዘይትና በለስላሳ እሳት፣ ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን ድረስ ሳይቸኩሉ ያቁላሉት፤ ግማሹን ከምስሩ ጋር ቀላቅለው የቀረውን ሲያቀርቡ ከላይ ይበትኑበት። መዓዛው ቤቱን ሲሞላው፣ ይመኑኝ፣ የችግር ጊዜ ማዕድ አይመስልም።

የተቀቀለ ድንችም በእጅጉ ያጠግባል። ቦሎቄን ሌሊቱን ዘፍዝፈው፣ ውሃውን ደፍተው በአዲስ ውሃ ይቀቅሉት፤ በተለይ ቀዩ ቦሎቄ በሚገባ ካልበሰለ ሆድን ክፉኛ የሚያውክ መርዛማ ንጥረ ነገር ስላለው ቢያንስ ለ10 ደቂቃ በኃይል መንተክተክ አለበት። የተረፈ ሩዝ ካለ ደግሞ ውጭ አያሳድሩት፤ ቶሎ አብርደው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡና በማግሥቱ በደንብ አሙቀው ይጨርሱት።