መልስ፦ 4,294,967,297 ብቸኛ ቁጥር ነው?

ወንድሜ፣ ይህ ቁጥር ብቸኛ ወይም ፕራይም (ከ1 የሚበልጥና ለ1 እና ለራሱ ብቻ ያለ ቀሪ የሚካፈል) መሆን አለመሆኑን ጠይቀሃል። አይደለም፤ ለ641 ያለ ቀሪ ይካፈላል። በትንንሾቹ ሞክረህ እምቢ ማለቱ ግን አይገርምም። የአሃዞቹ ድምር 59 ስለሆነ ለ3 አይካፈልም። መጨረሻው 7 ስለሆነ ለ2ም ለ5ም አይሆንም።

ቁጥሩ ታሪክ አለው። 32 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝተህ 1 ስትጨምር የምታገኘው ነው። በ16 ሁለቶች የሚሠራው ታናሽ ወንድሙ 65,537 ብቸኛ ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማ ይሄኛውም ብቸኛ ነው ብሎ ያምን ነበር። በ1732 እ.ኤ.አ. ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ስህተቱን አሳየ።

እኔን ሁሌም የሚደንቀኝ አካፋዩ የሚገኝበት መንገድ ነው። የዚህ ቁጥር ማንኛውም ብቸኛ (ፕራይም) የሆነ አካፋይ ለ64 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፋል። ስለዚህ እንዲህ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ትሞክራለህ። ከ193 ትጀምራለህ፤ ቀጥሎ 257፣ 449፣ 577። አራቱም አይሆኑም። አምስተኛው 641 ነው። በቃ፣ ተገኘ! ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል፣ እስቲ ራስህ ሞክረው።

641 × 6,700,417 = 4,294,967,297

6,700,417 ራሱ ብቸኛ ነው። ስለዚህ ቁጥርህ ያሉት አካፋዮች አራት ብቻ ናቸው፦ 1፣ እነዚህ ሁለቱና ራሱ።