ማካሮቭ ወይስ ቶካሬቭ? ከባሕር ዳር ለቀረበ ጥያቄ የመሣሪያ ጠጋኝ ምላሽ

ጥያቄውን የላኩት አንባቢ ባሕር ዳር ውስጥ የእህል መጋዘን ያላቸው ነጋዴ ናቸው። ሽጉጥ ለመያዝ የፈቃድ ማመልከቻ አስገብተዋል። ሕጋዊ መሣሪያ ያላቸው ሁለት የሚያውቋቸው ሰዎች ሊያስተላልፉላቸው ፈቃደኛ ሆነዋል፤ አንደኛው ማካሮቭ ሲሆን ሌላው «ቻይና ሠራሽ ቶካሬቭ» ነው። «ዋጋቸው ይቀራረባል፤ ሁለቱም የወታደር ሽጉጥ ናቸው ይላሉ። ታዲያ ምን ይለያቸዋል? የትኛውን ልውሰድ?» ብለዋል።

ጌታዬ፣ ሁለቱም ደኅና ሆነው ከተገኙ ማካሮቩን ይውሰዱ። ነገር ግን ብር ከኪስዎ ከመውጣቱ በፊት ፖሊስ ዘንድ ይሂዱ። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነው። የሻጩ ፈቃድ ደግሞ ለሻጩ እንጂ ለእርስዎ አይሠራም። ስለዚህ ዝውውሩ ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ማመልከቻዎ ሳያልቅ ቀብድ አይክፈሉ። ሽጉጡን የሚይዘው እርስዎ ይሁኑ ወይስ ዘበኛው፣ ይህንንም እዚያው ይንገሯቸው።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ። ማካሮቭ በሶቭየት ኅብረት በ1951 እ.ኤ.አ. የጦር ሠራዊቱ ሽጉጥ ሆኖ ተመደበ። ባዶውን ወደ 730 ግራም ይመዝናል፤ ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል፤ በርሜሉ ከገላው ጋር የተያያዘ ነው፣ አይንቀሳቀስም። የሚንቀሳቀስ ክፍሉ ጥቂት ስለሆነ የሚበላሸውም ጥቂት ነው። ዋናው ብልጫው ሴፍቲው (በድንገት እንዳይተኩስ የሚቆልፈው ማንሻ) ላይ ነው። ሴፍቲውን ወደ ላይ ሲያነሡት የተነሣውን መዶሻ ራሱ በደኅና ያወርደዋል። ጥይት ተቀባብሎ ሴፍቲ ላይ ተደርጎ ሊያዝ ይችላል፤ ለመተኮስ ሴፍቲውን ወደ ታች አውርዶ ምላጩን ጠንከር አድርጎ መሳብ ነው። የመጀመሪያው ስበት ከባድ መሆኑ ሰው ይበሳጭበታል፤ እኔ ግን ለዘበኛ ጥሩ ነው እላለሁ።

ቶካሬቭ የቀደመ ነው፤ ዲዛይኑ የ1930 እና የ1933 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲሆን፣ ቻይና 54 በሚል ስም የምትሠራው የዚሁ ቅጂ ነው። ቀጭን ነው፣ ወገብ ላይ ይመቻል፣ በተካነ እጅ በደንብ ይመታል። ነገር ግን ሴፍቲ የሚባል ማብሪያ ማጥፊያ የለውም። መዶሻውን በግማሽ መንገድ የሚይዝ ቁልፍ ብቻ ነው ያለው፣ ያም እንደ ሴፍቲ የሚታመን አይደለም፤ ወድቆ ሊተኩስ ይችላል። ስለዚህ ቶካሬቭ የሚያዘው ጥይት ሳይቀባበል ነው። የሻጭዎ ቶካሬቭ ገላው ላይ የጎን ሴፍቲ ካለው ደግሞ ጥንታዊው ዓይነት አይደለም፤ ለውጭ ገበያ የተሠራ ቅርጽ ሊሆን ስለሚችል የሚበላውን ጥይት እንደገና ማጣራት ይገባል።

የባሰው ነገር ጥይቱ ነው። ቶካሬቭ 7.62 በ25 ሚሊሜትር (የእርሳሱ ውፍረት በቀለሁ ርዝመት) የሆነ ፈጣን ጥይት ይተኩሳል፤ ማካሮቭ በሴኮንድ 315 ሜትር ገደማ ሲተኩስ፣ ቶካሬቭ ከ400 ሜትር ይበልጣል። ብዙዎቹ የባሕር ዳር መጋዘኖች ቆርቆሮ ናቸው፣ አጥሮቻቸውም ቆርቆሮ፤ ከጎናቸው በጭቃ ግድግዳ የተሠራ ቤት ውስጥ ሰው ይተኛል። ያ ጥይት ሌባውን አልፎ የጎረቤቱ ቤት ሊገባ ይችላል። ለጥበቃ ስለሆነ የሚፈልጉት፣ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ማካሮቩን ከመረጡ ግን አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፤ «ዘጠኝ ሚሊ» ማለት ብቻውን ምንም አይገልጽም። ቢያንስ ሦስት ዓይነት ዘጠኝ አለ። ጣሊያን ይዞት የመጣው የ1934 እ.ኤ.አ. ቤሬታ ሽጉጥ የሚበላው አጭሩ 9 በ17 ነው። ማካሮቭ የሚበላው 9 በ18 ነው። ሌላው ዓለም በብዛት የሚጠቀመው ፓራቤለም ደግሞ 9 በ19 ነው። እርሳሶቹም በውፍረት አንድ አይደሉም፤ የማካሮቩ ወደ 9.27 ሚሊሜትር ሲጠጋ የፓራቤለሙ ወደ 9.0 ነው። አጭሩን ማካሮቭ ውስጥ ቢያስገቡት ይገባል፣ ግን ላልቶ ይወጣና አይመታም። ረጅሙን ለማስገባት መታገል ደግሞ ለመሣሪያውም ለሰውም አደጋ ነው። ስለዚህ የጥይቱን ቀለህ ግርጌ ያንብቡ፤ ባለቤቱ «ዘጠኝ ነው» ቢልዎ አይበቃም።

በአገራችን ማካሮቭ የሚበዛው በ1969 እና 1970 ዓ.ም. ገደማ የመሣሪያ ምንጫችን ከአሜሪካ ወደ ሶቭየት በመዞሩ ነው። ይህም ማለት የሚያዩት ሽጉጥ ከእርስዎ ልጆች ሊያረጅ ይችላል፤ ዕድሜው አያስፈራዎት፣ አያያዙን ይመልከቱ። በዚህ ሐይቅ ዳር እርጥበቱ ክረምቱን በሙሉ ብረት ይበላል። ቆዳ ማህደር ውስጥ ለወራት የተቀመጠ ሽጉጥ ላይ ላዩን ያብረቀርቅና፣ ማህደሩ የነካው ጎን በትንንሽ ጉድጓዶች ይሞላል። ስለዚህ ከማህደሩ አውጥተው ይዩት።

ሲፈትሹ ባለቤቱ ካዝናውን ያውጣ፣ ላይኛውን ተንሸራታች ብረት ይሳብ፣ የጥይት ማስገቢያው ባዶ መሆኑን በዓይንዎም በጣትዎም ያረጋግጡ። ከዚያ ከኋላ በርሜሉን በብርሃን ይመልከቱ፤ ውስጡ ጥርት ብሎ የሚጠማዘዝ መስመር መኖር አለበት፣ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ዝገት ነው። ማካሮቩን መዶሻውን አንሥተው ሴፍቲውን ወደ ላይ ያድርጉ፤ መዶሻው ይውረድ፣ ምላጭ ቢስቡም መዶሻው አይንቀሳቀስ። ካልሆነ እዚያው ይተዉት። የመለያ ቁጥሩንም ነገር አይርሱ፤ ገላው ላይ ያለው ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አንድ መሆን አለበት። ቁጥሩ በሞረድ የተነካ ወይም እንደገና የተመታ ሽጉጥ ከየትም ይምጣ አይንኩ።

በአንዳንድ ሰው እጅ ደግሞ «አዲስ ሽጉጥ» እየተባለ የሚዞር ነገር አለ፤ በመጀመሪያ ለድምፅ ብቻ ተሠርቶ በኋላ በጓሮ ብረት ሥራ በርሜሉ ተበስቶ የተቀየረ። ገላው ከብረት ሳይሆን ቀላል ከሆነ የዚንክ ቅይጥ የተሠራ ነው፤ እውነተኛ ጥይት ሲተኮስበት ይሰነጠቃል፤ ጣት የሚቆርጥ ነው። ርካሽ ሆኖ ቢያገኙትም ሕገ ወጥ ነው፤ አይቅረቡት።

ለቶካሬቩ ካደሉ፣ አሮጌ የ7.62 ጥይት ከተተኮሰ በኋላ በርሜሉ በሙቅ ውሃ መታጠብና ደርቆ በዘይት መታሸት አለበት፤ የአሮጌው ጥይት ካፕሱል ጨው ይተዋል፣ ጨው ከጣና እርጥበት ጋር ሲገናኝ በርሜሉን ይበላዋል። ማካሮቩንም በክረምት በሳምንት አንዴ አውጥተው በቀጭን ዘይት ይጥረጉት። ሲያስቀምጡት ከቆዳው ማህደር አውጥተው በደረቅ ጨርቅ ይጠቅልሉት፤ ጥይቱን ለብቻው፣ ሁለቱንም ልጆች በማይደርሱበት በተቆለፈ ሣጥን ያኑሩ።