ቃለ ጉባኤው ውስጥ ያልገባው ጥያቄ

መጻፍ የምትለማመዱ ልጆቼ፣

ከእናንተ አንዷ «ጋሼ፣ ፖለቲካ ውስጥ ሳልገባ ስለ ቤት ኪራይ መጻፍ እችላለሁ?» ስትል ጠየቀችኝ። «ስለምታውቂው ሰው ጻፊ» ብዬ አለፍኳት። መልሴ ለእኔም አልበቃኝም። ጥያቄዋ አንድ የቆየ ጸጸት ቀስቅሶብኝ ሰነበተ።

ዘመኑ 1967 ዓ.ም. ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በእድገት በኅብረት ዘመቻ ካኪ አልብሰው ወደ ወላይታ ላኩን። በሻሸመኔ አድርገን ሶዶ ገባን፤ ከዚያ ወደተመደብንበት መንደር በእግር ነው የሄድነው። ቤቶቹ በእንሰት ተከበው ከቅርብ ካልሆነ አይታዩም። ከወላይትኛ ሰላምታ በቀር አንድም ቃል አላውቅም ነበር። እርግጠኛነት ግን ሞልቶን ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ከስንቅም በላይ የምንይዘው እሱን ነው።

የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። እጅ ጽሑፌ ያምራል ተብሎ የስብሰባው ጸሐፊ እኔ ሆንኩ። ሕዝቡ ዋርካ ሥር ተቀምጦ አዋጁ አንቀጽ በአንቀጽ ተነበበ፤ አንድ የአካባቢው ተማሪ ያስተረጉማል። መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኗል፤ መሸጥ፣ ማከራየት፣ በወለድ አገድ ማስያዝ ክልክል ነው። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ አይይዝም ሲባል ከወዲያ በኩል ሳቅ ተሰማ። አብዛኛው ሰው የያዘው ከጓሮ የማይሻል ቁራጭ መሬት ነበርና መሳቃቸው እውነታቸውን ነው።

ጭብጨባው ሲበርድ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ረጅም ተናገሩ። አስተርጓሚያችን እየተከተለ ነገረን። ልጃቸው ታሞ ከጎረቤታቸው ብር ወስደዋል፤ ማሳቸውንም በወለድ አገድ አስይዘዋል። ብሩ እስኪመለስለት ጎረቤትየው ማሳውን እያረሰ ይበላል። «አዋጁ ማሳዬን ከመለሰልኝ የእሱ ብርስ? እሱም እንደ እኔ ድሃ ነው። ብሩን በልቼበት ለቅሶ ቤት እንዴት አብረን እንቀመጣለን?» ጎረቤትየው እዚያው፣ ከእሳቸው ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀምጧል። የቡሉኮውን ጫፍ በጣቱ ይጠቀልላል፣ ይፈታል፣ መልሶ ይጠቀልላል። ቀና ብሎ ማንንም አላየም።

የቡድን መሪያችን «ይህ የፊውዳል አስተሳሰብ ቅሪት ነው፤ በትምህርት ይወገዳል» አለ። እኔም በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ብዬ አሰፈርኩ፦ «አንድ ተሰብሳቢ አስተያየት ሰጥተዋል። አዋጁ በሙሉ ድምፅ ተደግፏል።» ማታ በኩራዝ ብርሃን የግል ማስታወሻዬን ስጽፍ ስለ ኢምፔሪያሊዝም ብዙ አልኩ። ስለ ሽማግሌው አንድ መስመር የለም። ስማቸውን እንኳ አልያዝኩም።

አዋጁን ዛሬም አልወቅሰውም። ጭሰኛን ነጻ ያወጣ አዋጅ ነው፤ በዚህ ከብዙ እኩዮቼ ጋር አልስማማም። ግን የዚያን ቀን አዋጁን ከልቡ የመረመረው ሰው ማን ነበር ብትሉኝ፣ መጽሐፍ ያነበብነው እኛ ሳንሆን እሳቸው ናቸው። እሳቸው ፖለቲካ ውስጥ አልገቡም፤ ፖለቲካው ነው ማሳቸው ድረስ የመጣው።

ለዚህ ነው ለጠያቂዬ ያልመለስኩላትን አሁን የምመልሰው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል። አንቺ ተከራይ ነሽ፤ አከራይሽ ደግሞ ጡረተኛ ሴት ናቸው አልሽኝ። ከአዋጁ ጋር አትሟገቺ፤ አታወድሺው። ቡና ሲያፈሉ ጠብቂና ኪራዩ ባይጨመር የመድኃኒታቸውን ከየት እንደሚያመጡ ጠይቂያቸው። የአንቺንም ደመወዝ ንገሪያቸው። ለኅትመት ስማቸውን ለውጪው።

ብዙ አንብቡ፣ ደጋግማችሁ አርሙ የሚለውን አልጽፍላችሁም፤ የሚያነብ ሳይነግሩት ያነባል። የዛሬ ልጆች የሚያናድዱኝ በሌላ ነገር ነው። አንድ ወሬ ከተሰማ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም አቋም አለው። እግሩን አንሥቶ ያየ ግን የለም። ይህን ስል ራሴን እሰማለሁ፤ እኛም ከአዲስ አበባ አቋማችንን ይዘን ነው የሄድነው፤ ያውም ያለ ስልክ።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ወላይትኛ ማስተማሪያ ከሆኑት የመጀመሪያዎቹ አምስት ቋንቋዎች አንዱ ነበር። በጣም ደስ አለኝ። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው አገር የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ ቀላቅለው «ወጋጎዳ» በሚል ስም የመማሪያ መጽሐፍ አወጡ። ሶዶ ተቆጣ፤ ሰው ሞተ፤ መጽሐፉም ተሰበሰበ። ቋንቋዎቹ ተቀራራቢ ናቸው፤ ሐሳቡ ቢሮ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ብልህ ይመስላል። እናት ለልጇ በየትኛው እንደምታወራ የጠየቀ አልነበረም። ያን ጊዜ መምህር ነበርኩ፤ ለተማሪዎቼ የድርሰት ርዕስ አድርጌ ልሰጣቸው አስቤ ርዕሰ መምህሩን ፈርቼ ተውኩት። «በዓሉን እንዴት አሳለፋችሁ» ብዬ አስጻፍኳቸው።

መንገድ ሰውን ይለውጣል ሲባል ብዙ አላምንም። ልጄን ልጠይቅ ዋሽንግተን ሄጄ ከአገሬ ልጆች ጋር ቡና ስጠጣ፣ በተማሪነታችን የጀመርነውን ክርክር ያኔ ካቆምንበት ዓረፍተ ነገር ላይ ሲቀጥሉት ሰምቻለሁ። ውቅያኖስ ተሻግረው ከዩኒቨርሲቲው ግቢ አልወጡም። ቢሆንም ሂዱ እላለሁ። ወላይታ ባልሄድ የማላነሣው ሰው ነበርና። ዛሬ በየመንገዱ ያለውን ስጋት አውቃለሁ፤ እናቶቻችሁ «ይቅርብህ» ቢሉ አልፈርድባቸውም። የማይቻል ከሆነ ከሰፈራችሁ እስከ መጨረሻው ፌርማታ በአውቶቡስ ሂዱ፤ የጆሮ ማዳመጫውን ግን አውጡ።

ከእናንተ መካከል የሶዶ አካባቢ ልጅ ካለ ይጻፍልኝ፤ የመንደሩን ስም እነግረዋለሁ። ያ ወለድ አገድ እንዴት እንደተፈታ፣ ብሩ ተመልሶ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እዚያ አይጠፋም።