ጥያቄና መልስ፦ ምናሴ ተማረ፣ አባቴስ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። አባቴ የእናቴን ቤት ሸጦ ጠጥቶበት፣ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ጥሎን የሄደ ሰው ነው። አሁን አርጅቷል፣ ስኳርም ይዞታል፣ ንስሐ ገብቶ ከቤተክርስቲያን ደጅ አይጠፋም ይሉኛል። በቀደም ሽማግሌ ላከብኝና አንዱ "ንጉሥ ምናሴ እንኳን ተምሯል፣ አንቺ ማነሽና ነው የማትምሪው" አሉኝ። እውነት ያን ሁሉ ሰርቶ በአንድ ጸሎት ተሰረዘለት?
(ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሽማግሌው ግማሹን ብቻ ነው የነገሩሽ። ምናሴ የደጉ የሕዝቅያስ ልጅ ነው፣ በ12 ዓመቱ ነግሦ ይሁዳን 55 ዓመት ገዛ፣ እዛ ዙፋን ላይ እንደሱ የቆየ የለም። አባቱ ያፈረሰውን የጣዖት መስገጃ መልሶ ሠራ፣ ቤተመቅደሱ ውስጥ ሳይቀር ምስል አቆመ፣ የገዛ ልጆቹን በሄኖም ሸለቆ በእሳት አሳለፈ፣ ኢየሩሳሌምን በንጹሕ ሰው ደም ሞላት። (ኢሳይያስን በመጋዝ አሰነጠቀው የሚለው ትውፊት ነው፣ መጽሐፈ ነገሥት ላይ የለም።) ከዛ የአሦር አለቆች በሰንሰለት አስረው ባቢሎን ወሰዱት፣ የጸለየውም እዛ ነው። "ሲጨንቀው ነዋ!" ብትዪ አልፈርድብሽም፣ እኔም የስኳሩን ነገር ሳነብ እንደዛው ነው ያልኩት። እግዚአብሔር ግን ሰማውና ወደ መንግሥቱ መለሰው።

በ81ዱ መጽሐፍ ቅዱሳችን የሚገኘውን የምናሴ ጸሎት አንብቢው፣ ሰበብ የሚባል የለበትም፣ ኃጢአቴ ከባሕር አሸዋ በዛ፣ ቀና ብዬ ሰማይ ለማየት አልበቃም ነው የሚለው፣ ልጅ ነበርኩ አማካሪዎቼ ናቸው ምናምን አይልም። አባትሽ ሽማግሌ ሲልክ የቤቱን ነገር በአፉ አንስቷል ወይስ "ያለፈው አለፈ" ብቻ ነው? ምናሴ ሲመለስ ደግሞ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፣ ጣዖቶቹን ከቤተመቅደስ አውጥቶ ከከተማ ውጪ ጣለ፣ መሠዊያውን አደሰ፣ ቅጥር ሠራ።

ሽማግሌው የዘለሉት ግን ይሄን ነው። ንስሐው ያለው ሁለተኛ ዜና መዋዕል 33 ላይ ነው፣ መጽሐፈ ነገሥት ጭራሽ አያነሳውም፣ እንዲያውም ይሁዳ የተማረከችው ምናሴ ባፈሰሰው ደም ነው ይላል፣ እግዚአብሔር ያንን ይቅር ሊል አልወደደም ብሎ። ልጁ አሞን ነገሠ፣ አባቱ ለሠራቸው ምስሎች ሰዋ፣ በነገሠ በ2 ዓመቱ የገዛ አገልጋዮቹ ገደሉት። ምናሴ በሕይወት እያለ የዘራው ልጁ ላይ በቀለ ማለት ነው። ሁለቱም መጽሐፍ እዛው አንድ ጥራዝ ውስጥ አለ፣ አንዱ ሌላውን አልሰረዘውም። ደግሞ ልጆቻቸው የሞቱባቸው የኢየሩሳሌም እናቶች ከባቢሎን ሲመለስ በር ላይ ወጥታችሁ እልል በሉ ተባሉ የሚል አላየሁም።

ስለዚህ እግዚአብሔር አባትሽን መማሩ የእሱ ጉዳይ ነው፣ በአንቺ ፊርማ የሚጸድቅ አይደለም። ቂሙን ለራስሽ ብለሽ ብትተዪው ደስ ይለኛል፣ ነገር ግን ቂም መተውና ቤትሽ አስገብተሽ ማስታመም አንድ አይደለም፣ ሽማግሌዎቹ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልለው ካመጡብሽ ለይታችሁ አምጡ በያቸው። ለህክምናው መርዳት ከቻልሽና ከፈለግሽ በወንድምሽ በኩል መላክ ይቻላል፣ ፊቱን ሳታዪ። እናትሽ ግን በሕይወት ካሉ፣ የተሸጠው ቤት የሳቸው ስለሆነ ሽማግሌ መጀመሪያ መሄድ የነበረበት እሳቸው ጋ ነው፣ ይሄንን ለሽማግሌዎቹ ንገሪያቸው።