ገደለ፤ ድንጋዩን ግን አልተሸከመም

ጠያቂው ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። የጄምስ ጋንን የ2025 ሱፐርማን ከዶርም ልጆች ጋር በላፕቶፕ አይታችሁ ስትጨርሱ ክርክሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ዛክ ስናይደር በሠራው የ2013ቱ የሱፐርማን ፊልም፣ ማን ኦፍ ስቲል ላይ ወደቀ። ግማሾቹ «ሱፐርማን ሰው አይገድልም፣ ያ ፊልም አበላሽቶታል» አሉ፤ ግማሾቹ «እንደ ሰው የተሣለው እዚያ ብቻ ነው» አሉ። አንተም ሁለቱንም ወገን የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ አልክ። እኔ ከሁለቱም ወገን ተቀምጬ ስለማውቅ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው፤ ከፊልሞቹ ጋር እንዳይምታቱብህ።

መጀመሪያ ያየሁት ደብረ ብርሃን፣ መናኸሪያው አካባቢ ከነበረ ቪዲዮ ቤት ነው። ፊልሙ በሰኔ 2013 ቢወጣም እኛ ዘንድ በዲቪዲ፣ ያውም በአማርኛ ትርጉም ሲደርስ ጥር ገብቶ ነበር። የደብረ ብርሃንን ጥር ታውቀዋለህ፤ ውርጩ ሣሩን ነጭ አልብሶት ያድራል። አግዳሚው ላይ አራትም አምስትም ሆነን በጋቢ ተጠቅልለን ነበር የምናየው። በር ላይ ገንዘብ የሚቀበሉት የመንዝ ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ወደ ቴሌቪዥኑ የሚያዩ አይመስሉም ነበር፤ ለካ ሁሉንም ያያሉ።

ቪዲዮ ቤት ያደገ ያውቀዋል። አክተሩ ዋናውን ጠላት ሲጥል ቤቱ በፉጨት ይናወጣል፣ አግዳሚው ይደበደባል። ሱፐርማን የሆነው ሄንሪ ካቪል የዋናውን ጠላት፣ እንደሱ ከክሪፕቶን ፕላኔት የመጣውን የጄኔራል ዞድን አንገት ሲሰብር ግን ማንም አላፏጨም። ዞድ የዓይኑን እሳት ባቡር ጣቢያው ጥግ ወደተሸጎጠ ቤተሰብ እያዞረ ነው፤ ሱፐርማን ከኋላ አንቆ ይዞ እንዲተው ይለምነዋል፤ አይተውም። አንገቱ ተሰበረ። ከዚያ አክተሩ ተንበርክኮ ጮኸ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከአክተር ሰምተን አናውቅም፤ ልቅሶ ቤት የሚሰማ ጩኸት ነበር።

ስንወጣ ተከፋፈልን። እኔ ያኔ «አበላሹት» ከሚሉት ነበርኩ፤ ሱፐርማን መላ አያጣም ብዬ እከራከር ነበር። ጋሼ በሩን እየቆለፉ ሲያዳምጡን ቆይተው፣ «ገደለ፤ እሺ፣ ቸግሮት ነው። አለቀሰም፤ አየሁት። ድንጋዩን የተሸከመው ግን መቼ ነው?» አሉን። ከኛ መሀል መልስ የሰጣቸው አልነበረም።

የከተማ ልጅ ከሆንክ ላብራራልህ። በእኛ አገር ገጠር ነፍስ ያጠፋ ሰው፣ ሳያስበውም ይሁን ተገዶ፣ ቸግሮኝ ነው ብሎ ብቻ አይታለፍም። ሽማግሌ ይገባል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ወገን ፊት ይወድቃል። ይቅር ተብሎ ድንጋዩን እስኪያወርዱለት ድረስ ጎንበስ እንዳለ ነው። ጥፋቱ ቢቀልም ደሙ አይቀልም፤ የጋሼ ጥያቄ ይህ ነበር።

አሁን ፊልሙን ክፈትና ከጩኸቱ በኋላ የሚመጣውን ተመልከት። ፍቅረኛው ጋዜጠኛዋ ሎይስ መጥታ ታቅፈዋለች። ከዚያ ወዲያው ሜዳ ላይ ነን፤ ሱፐርማን ሲከታተለው የነበረውን የጦሩን ድሮን ሰባብሮ ጄኔራሉ ፊት ይጥላል፣ ስለ ክትትሉ ይነጋገራሉ፣ አንዲት መኮንን ስለ መልኩ ማማር ተናግራ ፈገግ ትላለች። ትንሽ ቆይቶ መነጽሩን አድርጎ ዴይሊ ፕላኔት ጋዜጣ ሥራ ይጀምራል። በውጊያው ያ ሁሉ ሰው ያለቀበት ከተማ፣ ሜትሮፖሊስ፣ አንድ ቀን እንኳ ሐዘን አልተቀመጠም። ዛክ ስናይደር ጩኸቱን ለመቅረጽ ደፈረ፤ የጩኸቱን ማግስት ለማሳየት ግን አልቆየም። የኔ ቅሬታ ይኸው ነው፤ ከዚያ ውጪ በመግደሉ አልከሰውም።

ይህን የምለው ሌላ ቦታ ተሠርቶ ስላየሁት ነው። ጆን በርን በጻፈውና በሣለው በ1988ቱ የሱፐርማን ኮሚክ ቁጥር 22፣ ሱፐርማን ሦስት የክሪፕቶን ወንጀለኞችን በአረንጓዴ ክሪፕቶናይት፣ የክሪፕቶን ሰዎችን በሚገድለው ድንጋይ፣ በገዛ እጁ ይገድላል፤ አንዱ ዞድ ነው። የሌላ ምድርን ሕዝብ በሙሉ የፈጁ ናቸው። ከፊልሙ የሚከብደው እዚያ ላይ ኃይላቸው አስቀድሞ ተነጥቆ ስለነበር ነው፤ ፈርዶ ነው የገደላቸው። ነገር ግን በቀጣዮቹ እትሞች ሰውዬው እንቅልፍ የለውም። አእምሮው ይታወካል፣ ሳያውቀው ሌላ ሰው ሆኖ ሌሊት ይዞራል፣ በመጨረሻም ለሰው አደጋ እሆናለሁ ብሎ ምድርን ለቅቆ ወደ ጠፈር ይሰደዳል። ይህን በስልኬ ላይ ሌሊት ሳነብ ጋሼ ትዝ አሉኝ። ድንጋዩን ተሸክሞታል።

ስለዚህ ጓደኞችህ «ሱፐርማን አይገድልም» ሲሉህ የትኛው ብለህ ጠይቃቸው። ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር በ1938 በአክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1 ያወጡት ሱፐርማን እንኳን የዋህ ሊሆን አይበርም ነበር፤ የሚዘለው የማይል አንድ ስምንተኛ፣ 200 ሜትር ገደማ ነው። ሚስቱን የሚደበድብ ባል ላይ ቤቱ ድረስ ገብቶ ግድግዳ ላይ ይወረውረዋል፤ ባለሥልጣን የሚያባብለውን ሰው ተሸክሞ በስልክና በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ እየሮጠ ነፍሱን ያወጣዋል። መብረሩ የመጣው በ1940ዎቹ መጀመሪያ ከወጡት ካርቱኖች ጋር ነው፤ ክሪፕቶናይት ደግሞ በ1943 ከሬዲዮ ድራማው። ብዙዎቻችን «እውነተኛው» የምንለው በ1978 ሪቻርድ ዶነር ዳይሬክት ያደረገው፣ ክሪስቶፈር ሪቭ የተጫወተው ነው። እኔም እወደዋለሁ፤ ፈገግታው ብቻ ይበቃል። ግን እሱም በ1980ው ክፍል ሁለት ኃይሉን ያጣውን ዞድን አንስቶ ጉም ወደሞላው ገደል ይጥለዋል። ከዚያ በኋላ የዞድን መጨረሻ ፊልሙ አያሳይም። ጣርማበር ላይ ያደገ ሰው ጉም የሞላው ገደል ምን እንደሆነ ያውቃል። ለዚያኛው ዞድ ያለቀሰ የለም፤ ለ2013ቱ ቢያንስ ተለቅሶለታል።

ከተማውን አፈረሰው የሚለውም ክስ ግማሹ ያላግባብ ነው። ሜትሮፖሊስ መደርመስ ስትጀምር ሱፐርማን የነበረው ሕንድ ውቅያኖስ ላይ፣ ሁለተኛውን የዞድን ማሽን እየሰበረ ነው። በእርግጥ ጥፋት ካነሳን ያደገባትን ከተማ ስሞልቪልን እናንሳ። ዞድ እናቱን ስላስፈራራበት በንዴት ከእርሻው ነጥቆ ሕዝብ ወዳለበት ከተማ መሀል፣ ነዳጅ ማደያ ሰብሮ ይዞት የገባው ራሱ ነው። ሰፊ ባዶ ማሳ ከኋላው እያለ! ይህን የሚያነሳ ሰው እምብዛም አያጋጥመኝም፤ ሁሉም አንገቱ ላይ ይቆማል።

አሁን ወደ አባቱ ልምጣ። ይህን ሁሉ የጻፍኩትም ለሱ ነው።

ክላርክ፣ የሱፐርማን የምድር ስሙ ነው፣ ልጅ ሳለ ወንዝ ውስጥ የገባ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ገፍቶ ልጆቹን ያድናል። አሳዳጊ አባቱ ጆናታን ኬንት፣ ኬቨን ኮስትነር ማለት ነው፣ ምሥጢሩን ስላወጣ ይቆጣዋል። ልጁ ታዲያ ምን ላድርግ፣ ይሙቱ? ብሎ ሲጠይቅ አባት «ምናልባት» ይላል። አንዲት ቃል ናት፤ የደጋፊውን ግማሽ ያስቀየመች እሷ ናት። በእኛ ቪዲዮ ቤት የተረጎመው ሰው ግን «እኔም አላውቅም ልጄ» ነበር ያለው። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ያወቀችው ጆናታን ግራ የገባው አባት ነበር። ዓመታት ቆይቼ በእንግሊዝኛው ሳየው ደነገጥኩ፤ ከአዲስ አበባ ልጆች ጋር ስንጨቃጨቅ የኖርነው ስለ ሁለት የተለያዩ አባቶች ነበር። መልሼ ደጋግሜ ሳየው ደግሞ ተርጓሚው አልተሳሳተም አልኩ። ቃሉን ትቶ የኮስትነርን ፊት ነው የተረጎመው፤ አፉ ምናልባት ሲል ፊቱ አላውቅም ይላል።

ከዚያ አውሎ ነፋሱ ይመጣል። ጆናታን ውሻውን ከመኪና ሊያወጣ ተመልሶ እግሩ ይጎዳል፤ ክላርክ ሊደርስለት ሲል መዳፉን ዘርግቶ «ቁም» ይለዋል። ልጁ ቆሞ አባቱ ሲወሰድ ያያል። በ1978ቱ ፊልም አባት የሚሞተው በልብ ድካም ነው፤ ሱፐርማን ያ ሁሉ ኃይል እያለው ሊያድነው አልቻለም። ይኼኛው ግን ሊያድነው እየቻለ ነው የሚሞተው። ጓደኞችህ በዚህ ትዕይንት መናደዳቸው ይገባኛል።

እኔ ግን ያን መዳፍ አይቼዋለሁ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ግድም ነሐሴ ላይ የበሬሳ ወንዝ ሞልቶ አንዷን በጋችንን ጎርፉ ወሰዳት። ዋና እችላለሁ ባይ ነበርኩና ጃኬቴን አውልቄ ዳር ደረስኩ። አባቴ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ቢጣራም አይሰማም። መዳፉን ዘርግቶ አቆመው። ቆምኩ። በጓ እየጮኸች ሄደች። ቤት ስንገባ አልተቆጣኝም፤ ጋቢውን አውልቆ ከላዬ ጣለና እሳቱ አጠገብ አስቀመጠኝ። ለኛ ቤት አንድ በግ ቀላል ንብረት አልነበረም።

ስለዚህ የኮስትነር መዳፍ ሲዘረጋ ሰው ስለ ምሥጢርና ስለ ዓለም ይከራከራል፤ ለኔ የሚታየኝ ከራሱ ነፍስ ይልቅ ልጁን የመረጠ አባት ነው። ስናይደር ከሠራው ሁሉ ይህን እወድለታለሁ። ሆኖም አንድ ነገር አልክድህም፤ ጎርፉ ውስጥ የነበረችው በግ ናት። አባቴ ቢሆን ኖሮ መዳፉን አልታዘዝም ነበር። ክላርክ መታዘዙን ለማመን ፊልሙ ከዚያ በፊት አባትና ልጁን ጥቂት ደቂቃ አብረው ሊያሳየን ይገባ ነበር፤ እኛ ያየነው ሲጨቃጨቁ ነው።

በ2016 በወጣው ተከታይ ፊልም የሜትሮፖሊስ ፍርስራሽ በብሩስ ዌይን፣ በባትማን ማለት ነው፣ ዓይን ይታያል፣ ሱፐርማንም ምክር ቤት ፊት ይጠራል፤ የቀረ ነገር እንዳለ ሠሪዎቹም ያወቁ ይመስለኛል፤ ግን ሦስት ዓመት ዘግይቶ፣ በሌላ ሰው ቁጣ በኩል ነው የመጣው። የ2025ቱ ዴቪድ ኮረንስዌት ደግሞ ከግዙፍ አውሬ ጋር እየታገለ ሽኮኮ ሳይቀር ያድናል። ደስ ብሎኛል። ግን ያኛው ባይሰበር ኖሮ ይኼኛው እንዲህ ባልተጠነቀቀ ነበር።

አንዳንዶች መጨረሻ ላይ ክላርክ ከእናቱ ጋር መቃብር ቦታ የሚቆምበትን ትዕይንት ድንጋዩ እሱ ነው ይሉኛል። እኔ አልቀበልም፤ የቆመው የገዛ አባቱ መቃብር ላይ ነው፤ ዞድም፣ ሜትሮፖሊስ የሞቱትም እዚያ የሉም። ጋሼ ዛሬ በሕይወት የሉም እንጂ እሳቸውን ነበር የምጠይቀው። አንተ ያችን ትዕይንት ያለ ትርጉም፣ በዋናው ድምፅ እያትና ምን እንደታየህ ጻፍልኝ።