አንባቢው ገዳዩን ቀድሞ ሲያውቅ፦ ለጀማሪ የወንጀል ልቦለድ ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ጠያቂያችን፣ በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ስለተፈጸመ ግድያ የሚተርከውን የመጀመሪያ ልቦለድዎን ረቂቅ እንደጨረሱ ነግረውናል። ካነበቡልዎ ሰዎች ከፊሎቹ ገዳዩን በአራተኛው ምዕራፍ ላይ እንዳወቁት፣ ሌሎቹ ደግሞ መጨረሻው ድንገተኛና የማያሳምን እንደሆነባቸው ገልጸው፣ ገዳዩን እንዴት መደበቅ እንደሚቻልና ለዚህ ሥራ አማካሪ ያስፈልግዎ እንደሆነ ጠይቀዋል። የወንጀል ልቦለድ የምጽፍና ጀማሪ ጸሐፊዎችን በረቂቃቸው ላይ የማማክር ሰው ስለሆንሁ ይህ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይቀርብልኛል፤ ስለዚህም ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ሁለቱ ቅሬታዎች የሚቃረኑ ቢመስሉም ምንጫቸው አንድ ነው። ጸሐፊው ሊደብቅ የሚገባው የነገሩን ትርጉም ሆኖ ሳለ ሰውየውን ራሱን ሲደብቅ፣ ገዳዩ ከታሪኩ ዳር ይቆማል፤ ጥቂት ይናገራል፣ ለሁሉም ደግ ይሆናል፣ በታሪኩ ውስጥም ይህ ነው የሚባል ሥራ አይኖረውም። ንቁ አንባቢ ደግሞ ሥራ የሌለውን ሰው ቶሎ ይለያል፤ «ይህ ሰው እዚህ ምን ያደርጋል?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን በአራተኛው ምዕራፍ ላይ ያገኘዋል። ያን ያህል ያልተጠራጠረው አንባቢ ደግሞ መጨረሻ ላይ ደርሶ ወደ ኋላ ሲመለከት የሚያሳምነው ፍንጭ ስለማያገኝ እንደተታለለ ይሰማዋል። እንግሊዛዊው ቄስና የወንጀል ልቦለድ ጸሐፊ ሮናልድ ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1929 ካወጣቸው ዐሥር ደንቦች የመጀመሪያው፣ ወንጀለኛው በታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ የተጠቀሰ ሰው መሆን አለበት ይላል፤ ሌላው ደግሞ መርማሪው ያገኘው ፍንጭ ሁሉ ወዲያው ለአንባቢው እንዲቀርብ ያዛል። ከደንቦቹ አንዳንዶቹ ዘመን አልፎባቸዋል፤ እነዚህ ሁለቱ ግን እስከ ዛሬ የሚሠሩት ለአንባቢው ፍትሐዊ ስለሆኑ ነው። እኛም ይህን ፍትሕ በልጅነታችን ከእንቆቅልሽ ተምረነዋል፤ መልሱ ከጥያቄው ውስጥ ካልወጣ «አገር ስጠኝ» የማለት መብት የለም።

ትርጉምን መደበቅ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። በዋሽንግተን ተወልዶ ያደገና ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ ወጣት አለ እንበል። በሁለተኛው ምዕራፍ ላይ አክስቱ ምሳ ልታበላው ሰባት ሰዓት ላይ ትቀጥረዋለች፤ እርሱ ግን ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ ቤተሰቡም ይስቃል፣ እራት ይበላል፣ ምዕራፉም በአክስቲቱና በባሏ መካከል በሚነሣው የቤት ሽያጭ ጭቅጭቅ ይዘጋል። በዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ መርማሪው ተጠርጣሪውን ነጋዴ መቼ እንዳየው ይጠይቀዋል፤ ወጣቱም «ማታ ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ጋ ቆሞ ነበር» ይላል። መርማሪው «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብሎ ይመዘግባል፤ ግድያው በዚያው ሰዓት ገደማ ሌላ ሰፈር ስለተፈጸመ ነጋዴው ነጻ ይወጣል። ወጣቱ አልዋሸም፤ ሰዓት የሚቆጥረው ባደገበት አገር ልማድ ስለሆነ ያየው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አንባቢው ሁሉን በእጁ ይዟል፤ የምሳውን ቀጠሮ ግን እንደ ቀልድ አሳልፎታል፣ ሐሳቡም በቤት ሽያጩ ጭቅጭቅ ተይዟል። መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ ገልጦ ሲያነበው ራሱን እንጂ ጸሐፊውን አይወቅስም።

እንዲህ ያለ ፍንጭ ከሌላ አገር ሊበደር የማይችል የእኛ ንብረት ነው፤ አኗኗራችንም በዚህ እጅግ የበለጸገ ነው። በፓስፖርት ላይ ያለው የልደት ቀን በአንድ አቆጣጠር፣ በቀበሌ ማኅደር ያለው በሌላ ይሆናል። የአባት ስማቸው ጭምር አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች የሚለዩት በአያት ስም ነው። አንዲት ሴት በሰፈር በአንድ ስም ትጠራለች፤ በንስሐ አባቷ ዘንድ ግን የምትታወቀው ጎረቤት በማያውቀው የክርስትና ስሟ ነው። ብዙ ጀማሪዎች እነዚህን ሁሉ እያለፉ፣ በፊልም ካዩት የወንጀል ቦታ ላይ የወደቀ የሲጋራ ቁራጭ ማንሣታቸው ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

የማማክራቸውን ሰዎች ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው የገዳዩን ታሪክ በራሱ አንደበት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ለልቦለዱ ሳይሆን ለጸሐፊው ብቻ እንዲጽፉልኝ ነው። መቼ አሰበ፣ ምን ፈራ፣ ማንን ዋሸ፣ ከግድያው በኋላ በየቀኑ የት ዋለ፣ ማን ምን እንዳያውቅበት ተጨነቀ? የወንጀል ልቦለድ ሁለት ታሪክ ነው፤ አንደኛው የተፈጸመው፣ ሁለተኛው ያ የተፈጸመው እንዴት እንደተገለጠ። ሁለተኛውን ብቻ የጻፈ ሰው መካከል ላይ ሲደርስ ይጨልምበታል፤ ከሚቀጥለው ምዕራፍ በስተጀርባ ገዳዩ ምን እያደረገ እንደሆነ አያውቅምና። ይህን መልመጃ ሲሠሩ ብዙዎቹ የሚያገኙት ነገር ገዳያቸው የሚገድልበት በቂ ምክንያት እንደሌለው ነው። ያን ጊዜ ምክንያቱን ከ«እብደት» ወይም ከ«ክፋት» እንዲያመጡት አልፈቅድም። በውርስ ይዞታ፣ በዕቁብ ገንዘብ፣ በተሰወረ ልጅ፣ በተደፈረ ክብር፣ በቆየ ደም ውስጥ ሰው ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ከማኅበረሰባችን በላይ የሚያስተምር የለም።

በረቂቅዎ ውስጥ መርማሪዎ ብቻውን ተጠርጣሪ እያሳደደ ወሩን ሙሉ በማንም ሳይጠየቅ ሰው አስሮ እንደሚያቆይ ጽፈዋል። ልቦለዱ ዛሬ በአዲስ አበባ የሚካሄድ ከሆነ ይህ ሊታረም ይገባል፤ ሕጉን ማወቅ ደግሞ ለሴራው ትልቅ ጥቅም አለው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ላለመናገርም መብት አለው። በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 ደግሞ ፖሊስ ምርመራውን ለመጨረስ ተጠርጣሪውን ይዞ እንዲቆይ በአንድ ጊዜ የሚፈቀድለት የጊዜ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። መርማሪዎ በየቀጠሮው ዳኛው ፊት ቆሞ «ምን ሠራህ? ምን ቀረህ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ የተጠርጣሪው ጠበቃም ዋስትና ሲጠይቅ፣ የልብ መሰቀሉ ያለ ተኩስ ይመጣል። የግድያው ዓይነትም ለሴራው ሌላ በር ይከፍታል፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 539 የሚጠየቅ ከባድ ግድያ እስከ ዕድሜ ልክ እሥራት ወይም ሞት ያደርሳል፣ በአንቀጽ 540 የሚጠየቀው ተራ ግድያ ደግሞ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል፤ የሁለቱም ልዩነት በአብዛኛው የሚያርፈው ገዳዩ አስቀድሞ ያሰበበት መሆን አለመሆኑ ላይ ነው። ስለዚህ «ማን ገደለ?» የሚለው ከተፈታ በኋላም «አስቦበት ነበር ወይ?» የሚለው ጥያቄ አንባቢውን እስከ መጨረሻው ገጽ ሊወስደው ይችላል። በአገራችን ፍርድ የሚሰጡት ዳኞች እንጂ ከሕዝብ የተመረጡ ሰዎች ስላልሆኑ፣ በረቂቅዎ ማብቂያ ላይ ጠበቃው «ለተከበራችሁ ሸንጎ» እያለ ተሰብሳቢውን የሚያስለቅስበትን ንግግር ያውጡት።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደምወደው ነገር ልምጣ። የግድያ ልቦለድ ጸሐፊ ተጠርጣሪዎቹን ሁሉ በአንድ ቦታ የሚሰበስብበት ምክንያት ይቸግረዋል፤ በሌላው ዓለም ለዚህ ሲባል ባቡር በበረዶ ይያዛል፣ እንግዶች በደሴት ላይ ይቀራሉ። እኛ ልቅሶ አለን። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፤ የሟች ባለዕዳ፣ የቀድሞ ሚስት፣ ተከራይ፣ የተጣላ ወንድም፣ ሁሉም ካልመጡ ይታማሉና ይመጣሉ። ማን የት እንደተቀመጠ፣ ማን ሳይቀምስ እንደወጣ፣ ማን ለአፈር ሳይደርስ ቀርቶ ማታ እንደመጣ የሚያስተውሉ ብዙ ዓይኖች አሉ። የዕድሩ ጸሐፊ የቀሩትን በመዝገብ ይይዛል፤ ያ መዝገብ ከማንኛውም የስልክ ጥሪ ዝርዝር የማያንስ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ገዳዩ ራሱ ድንኳን የሚያስተክል፣ ለቀስተኛ የሚያስተናግድ፣ ለመርማሪው ወንበር የሚያቀርብ ሰው ቢሆን፣ ቀደም ብዬ ያነሣሁት «ሥራ የሌለው ሰው» ችግር ይፈታል፤ ሥራ በዝቶበት ሲሯሯጥ የሚታይን ሰው አንባቢ ለመጠርጠር ጊዜ አያገኝም። ሣልስት፣ አርባ፣ ሰማንያና ሙት ዓመት ደግሞ ለልቦለዱ የጊዜ አጥር ይሆኑታል። መርማሪው የጠፋውን ሰው በሣልስት ያጣዋል፤ በአርባው ይጠብቀዋል። ቀብሩም ቶሎ ስለሚፈጸም፣ አስከሬኑ ለምርመራ ወደ ሆስፒታል ይሂድ ወይስ ይቀበር የሚለው በቤተሰቡ መካከል የሚነሣ ክርክር ብቻውን አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል፤ ማን አጥብቆ «ቶሎ ይቀበር» እንዳለ አንባቢው ማስታወሱ አይቀርም።

የሞት ሰዓትን በተመለከተ አጭር ማስጠንቀቂያ አለኝ። የአስከሬን መድረቅ (የጡንቻዎቹ መገተር) ብዙውን ጊዜ ከሞት በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፣ በ12 ሰዓት ገደማ ይጠናቀቃል፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ይለቃል፤ ነገር ግን ብርድ ያዘገየዋል፣ ሙቀት ያፋጥነዋል። በታኅሣሥ ሌሊት እንጦጦ ሥር የተገኘና በጋምቤላ ሙቀት የተገኘ አስከሬን አንድ ዓይነት ምልክት አያሳዩም። ስለዚህ ሐኪምዎ «ልክ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ20» ብሎ አይናገር፤ ግምቱን በሰፊው ይስጥ፤ በዚያ ስፋት ውስጥ ሴራዎ መላወሻ ያገኛል። አጋታ ክሪስቲ በመርዝ ጉዳይ ላይ የምትታመነው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሆስፒታል መድኃኒት ቤት ስለሠራች ነው። እርስዎም ከአንድ ነርስ፣ ከአንድ ጠበቃ ወይም ጡረታ ከወጣ መርማሪ ጋር ቡና ጠጥተው ቢጨዋወቱ ከብዙ ፊልም የበለጠ ይማራሉ።

የምርመራ ንግግሮችዎ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አማርኛ የሚናገርባቸው ሆነዋል። አውጫጭኝን ያስቡ፤ የአካባቢው ሰው በአንድነት ተቀምጦ ወንጀለኛው እስኪወጣ የሚጠየቅበት፣ የነገሩ ምንጭም «ወፍ» ተብሎ ስሙ የሚሰወርበት ሥርዓት ነበር። በዚያ ሸንጎ ላይ የሚነገረው አንድ ነገር ነው፤ የሚታወቀው ሌላ። በልቦለድዎም ሽማግሌው በተረት ይመልስ፣ የቤት ሠራተኛዋ «እኔ ምን አውቃለሁ» እያለች ሁሉን ትንገር፣ ጥበቃው መርማሪውን በማክበርና በመፍራት መካከል ይወዛወዝ። አንቱታው ወደ አንተታ የሚለወጥባት ቅጽበት ከጩኸት ሁሉ በላይ ቁጣን ታሳያለች።

ስለ አማካሪ የጠየቁት ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ አለው፤ አዎን፣ ያስፈልግዎታል፤ ነገር ግን ማንም አይደለም። ጥሩ አማካሪ ገዳዩን የሚቀይርልዎ፣ ዓረፍተ ነገርዎን በራሱ ዜማ የሚጽፍልዎ ሰው አይደለም፤ ይህን የሚያደርግ ሰው የራሱን መጽሐፍ በእርስዎ ድካም እየጻፈ ነው። የእርሱ ሥራ ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ ይህን ሰው ማን አየው? ቁልፉ ከማን እጅ ነበር? መርማሪው ይህን በሦስተኛው ቀን ካወቀ በአምስተኛው ለምን አልተጠቀመበትም? የወንጀል ልቦለድ የማያነብ ሰው፣ በሌላ ዘርፍ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ እነዚህን ጥያቄዎች አያነሣም። ገንዘብ ከጠየቀዎትም የትኞቹን ምዕራፎች እንደሚያነብና አስተያየቱን በጽሑፍ መቼ እንደሚሰጥ አስቀድመው ይስማሙ። አማካሪ ቢኖርዎም ባይኖርዎም ግን አንድ ነገር በጥብቅ ይያዙ፤ በሰፈርዎ በእውን የተገደለን ሰው፣ ስሙን ቀይረውም ቢሆን፣ ቤተሰቡ ሊያውቀው በሚችል ሁኔታ አይጻፉ። ለእርስዎ ሴራ የሆነው ነገር ለአንዲት እናት እስከ ዛሬ ያልተነሣ ድንኳን ሊሆን ይችላል።

ለአሁኑ ረቂቅዎ የምመክርዎ ይህን ነው። ገዳዩን የሚያውቁ አንባቢዎች ለዚህ ረቂቅ ከእንግዲህ ምስክር ሊሆኑ አይችሉም፤ ማንነቱን የማያውቁ አዳዲስ አንባቢዎችን ይያዙ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አያሟጥጡ። ሙሉውን መጽሐፍ አይስጧቸው፤ አራተኛው፣ ስምንተኛውና ዐሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ አስቁመው ማንን እንደሚጠረጥሩና በየትኛው ገጽ ምክንያት እንደሆነ በጽሑፍ እንዲመልሱ ያድርጉ። አንባቢዎቹ ሁሉ በአራተኛው ምዕራፍ ላይ ገዳዩን ከጠሩ ምክንያታቸውን ያነጻጽሩ፤ አንድ ገጽ ከጠቀሱ ያን ገጽ ብቻ ያስተካክሉ፤ የተለያየ ገጽ ከጠቀሱ ወይም «እንዲያው መሰለኝ» ካሉ፣ ችግሩ በሰውየው አቀማመጥ ላይ ስለሆነ በታሪኩ ውስጥ ሥራ ይስጡት። የገዳዩን የራሱን ታሪክ ጽፈው ሲጨርሱ፣ ሳያፍሩ፣ ከመጀመሪያዎቹ አራት ምዕራፎች ጋር ይላኩልኝ፤ አነበዋለሁ።